ዳገት ላይ የሚከፈት ቀዳዳ

«መኪናው አይስብም።» በጋራዥ ሕይወቴ እንደዚህ ቅሬታ ደጋግሜ የሰማሁት የለም፤ እንደሱ ጥቂት የሚነግረኝም የለም። የናፍጣ ፊልትሮ የታፈነበትም፣ ፍሪሲዮኑ ያለቀበትም፣ ፍሬኑ የያዘበትም የሚለው ያንኑ ነው። ስለዚህ ኮፈኑን ከመክፈቴ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «የት ላይ ነው የማይስበው?»

ባለፈው ክረምት የመጡ አንድ ኮንትራክተር ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ነበራቸው። ሥራቸው ሸዋሮቢት ነው። «ሜዳው ላይ እንደ ፈረስ ነው» አሉኝ። «ስመለስ ደብረ ሲናን አልፌ ወደ ጣርማበር ሽቅብ ስል ይሞትብኛል። ጭሱ ኋላዬን ያጠቁረዋል፤ የጣርማበር ዋሻ የምደርሰው በሁለተኛ ማርሽ ነው።»

መኪናው ባለ ሦስት ሊትር ቱርቦ ናፍጣ፣ ደብል ጋቢና ፒካፕ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ ግን አልቀረም። ፊት ለፊቱ ትልቅ ኢንተርኩለር ገብቶለታል፣ ማርሚታው በሰፊ ተቀይሯል፣ ጉልበት የሚጨምር ቺፕም ተገጥሞለታል። ጋሼ እያንዳንዱን ከነዋጋው በኩራት ዘረዘሩልኝ። ቱርቦው ሦስተኛው እንደሆነ የነገሩኝ ግን መጨረሻ ላይ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

ስካነር ሰካሁ። ፒ0299 አለኝ፤ የቱርቦ ግፊት ማነስ። ይህ ኮድ እንደ ከሳሽ ነው፤ በደል መፈጸሙን ይናገራል፣ በዳዩን ግን አላየም። እኔም ያን እያወቅሁ አቋራጭ ወሰድኩ። የግፊት ሴንሰሩ ጥላሸትና ዘይት ለብሶ ስላገኘሁት አጠብኩት፣ የናፍጣ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ የአየር ቱቦዎቹን በእጄ ወዘወዝኳቸው። ጥብቅ ናቸው። ባዶውን መኪና ቀለበት መንገድ ላይ ስነዳው እየዘለለ ሄደ። «ጨርሰናል ጋሼ» ብዬ ሸኘኋቸው። በአሥራ አንደኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፤ የደወሉት ከጣርማበር ዳገት ላይ ነው።

ያን ማታ ያደረግሁት ቀድሞ ማድረግ የነበረብኝን ነው፤ ተቀምጬ ሒሳብ ሠራሁ። ባሕር ጠረፍ ላይ የአየር ግፊት ወደ 101 ኪሎፓስካል ነው። ሸዋሮቢት ላይ ወደ 87፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 76፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው ጣርማበር ላይ ደግሞ ወደ 70 ይወርዳል። የሞተሩ ኮምፒውተር ሙሉ ጭነት ላይ 220 ይፈልጋል እንበል። ሸዋሮቢት ላይ ሰማዩ 87ቱን ስለሚያዋጣ ለቱርቦው የሚቀረው 133 ነው። ጣርማበር ላይ ያንኑ 220 ለመሙላት 150 መጨመር አለበት። ቱቦውን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋው ይኸው ቱርቦው የጨመረው ነው። እንግዲህ ከፍታ ላይ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ሳስቶ ሳለ፣ ቱቦው የሚሸከመው ግፊት ይብሳል። ቆላ ላይ የሚችለውን ደጋ ላይ ላይችል ይችላል ማለት ነው። ለካ ጋሼ «የት» ለሚለው ጥያቄዬ ገና ሲገቡ መልሰውልኝ ነበር፤ የሰማኋቸውን ግን በመንገዱ ቁልቁለትና ዳገት እንጂ በአየሩ አልነበረም።

መኪናውን በነጋታው አመጡት። አሥር ከረጢት ሲሚንቶ ጫንበትና ከረዳቴ ጋር ወደ እንጦጦ ወጣን። እሱ ስካነሩን ይዞ ሁለት ቁጥር ያነባል፤ ኮምፒውተሩ የጠየቀውንና ሞተሩ ያገኘውን። ሽሮ ሜዳን እስክናልፍ ሁለቱ ጎን ለጎን ሄዱ። ዳገቱ ጠንክሮ ሞተሩ ሲግል ተለያዩ። «ጋሼ፣ 220 ጠይቆ 160 ነው የሚያገኘው» አለኝ። ኋላችን በጥቁር ጭስ ተሸፍኗል።

ጋራዥ ተመልሰን ሞተሩ ሳይበርድ የቱርቦውን አየር መግቢያ ደፈንን፣ በኮምፕሬሰር ቀስ እያልን አየር ሞላን፣ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባን። የግፊት ሰዓቱ 120 ላይ ዝም። 130 ላይም ዝም። ወደ 150 ስናስጠጋው ኢንተርኩለሩ ሥር ያለው ቱቦ፣ ሲፈላ እንፋሎት ክዳኑን እንደሚያነሳው ድስት፣ ከንፈሩን አንስቶ ተነፈሰ። አየሩን ቀነስን፤ ተመልሶ ተከደነ። በእጄ ወዘወዝኩት፤ እንደ በፊቱ ጥብቅ ነው።

ቱቦውን ስፈታው ምክንያቱ ታየኝ። የፋብሪካ የአየር ቧንቧ ጫፉ ላይ ቀለበት የመሰለ እብጠት አለው፤ ቱቦው እሱን አልፎ ይገባና ማሰሪያው ከጀርባው ይጠብቃል፤ ቢገፋም አይንሸራተትም። ይኼኛው አሉሚኒየም ግን በመጋዝ ተቆርጦ ለስልሶ የቀረ ነው። ላዩ ላይ ስስ ዘይት አለ። ሙቀት፣ ዘይትና ለስላሳ ቧንቧ ሲገናኙ ማሰሪያ ብቻውን ምን ያደርጋል?

«ይቺን ማን ሠራት?» አልኳቸው።

«እሷማ ቱቦ ናት» አሉ ጋሼ። «ማርሚታ የሚበይድ ልጅ ቆርጦ ገጠማት።»

ከዝርዝራቸው ውስጥ አልነበረችም። ሰው የሚያስታውሰው ብዙ የከፈለበትን ነው፤ ቱቦና ማሰሪያ እንደ ሥራ አይቆጠሩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሳቸው ግን አልደበቁም፣ በሽታ መሆኑን አላወቁም እንጂ።

ሁለቱ የቀድሞ ቱርቦዎችም ለምን እንደሞቱ ያኔ ገባኝ። አየሩ በቱቦው ሲያመልጥ ኮምፒውተሩ ግፊቱ ጎደለ ብሎ ቱርቦውን የባሰ ያጣድፈዋል። ድሮም በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ዕቃ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲነዳ ይግላል፣ ኩሽኔታው ይበላል። ቺፑ ደግሞ በእሳቱ ላይ ናፍጣ ጨምሮበታል። ሥራው መዋሸት ነው፤ የናፍጣውን ግፊት ከእውነተኛው አሳንሶ ለኮምፒውተሩ ይነግራል፣ ኮምፒውተሩም ተታልሎ ይጨምራል። አየር እያነሰ ናፍጣ ሲበዛ ውጤቱ ያ ጥቁር ጭስ ነው። በየጋራዡ ጥፋተኛ ተብሎ የሚፈታው ቱርቦ ሟች እንጂ ገዳይ አልነበረም።

የቧንቧው ጫፍ ላይ እብጠት አሠራን፣ ዘይቱን ጠረግን፣ በብሎን የሚጠብቅ ሰፊ ማሰሪያ አደረግንበት። ቺፑንም እንድናወጣው ለመንኳቸው። «ጉልበቱስ?» አሉኝ። «መጀመሪያ ፋብሪካው የሰጠዎትን ጉልበት እናግኘው ጋሼ» አልኳቸው። በዚያው ሲሚንቶ እንጦጦን ስንወጣ ሁለቱ ቁጥሮች እስከ ላይ ሳይለያዩ ዘለቁ።

ከዚያ ወዲህ የተነካካ መኪና ሲመጣ ስካነር ከመሰካቴ በፊት ደብተር አወጣለሁ። አንዱን ገጽ «ማን ነካው?» ብዬ ሰይሜ ባለቤቱን ከቅርቡ ወደ ሩቁ እጠይቃለሁ፤ በያጁን፣ ኤሌክትሪሻኑን፣ ባትሪ የቀየረውን ሳይቀር። ፍተሻዬን የምጀምረው ከመጨረሻው እጅ ነው። የጋሼን ገጽ ስሞላ ረዳቴ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ ያነባል። ኢንተርኩለር የገጠመው፣ ቧንቧ የቆረጠው፣ ቱርቦ የቀየሩት ሁለት ጋራዦች ተጻፉ።

«የመጨረሻውን ዘለልከው ጋሼ» አለኝ።

እውነቱን ነው። መኪናው መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ያችን ቱቦ በእጁ ወዘወዝ አድርጎ «ጥብቅ ነች» ያለ ሰው ነበር። ስሜን ጻፍኩ።