የዩኤስቢ ቀዳዳ ሥራ ሲያቆም

ዛሬ በአንዳንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ገብቷል። የአባላት ስም ዝርዝር፣ የማዳበሪያ ዕዳና የትርፍ ክፍፍል ሒሳብ በዚሁ መሣሪያ ይያዛል። ሒሳቡ ወደ ወረዳ ሲላክ በፍላሽ ተገልብጦ ይሄዳል። አንድ ቀን ታዲያ ጸሐፊው ፍላሹን ቢሰካ ኮምፒዩተሩ ዝም ይላል። ወዲያው «ተበላሽቷል፤ ከተማ ወርዶ ይሠራ» ይባላል። የመኪናው ኪራይና የጠጋኙ ዋጋ የሚከፈለው ከማኅበሩ ካዝና ነው። የማኅበሩ ካዝና ደግሞ የእኛው ላብ ነው። ስለዚህ ነገሩ የጸሐፊው ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ ዩኤስቢ ምንድን ነው? በኮምፒዩተር ፊት፣ ጎን ወይም ጀርባ ላይ የምናየው ጠፍጣፋ ቀዳዳ ነው። ይህ ዓይነት መሰኪያ የወጣው በ1988 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ኪቦርዱ፣ ማውዙና ማተሚያው የየራሳቸው ቀዳዳ ነበራቸው። ዩኤስቢ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ቀዳዳ አስማማቸው።

በተለመደው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ 4 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ሁለቱ 5 ቮልት ኤሌክትሪክ ያደርሳሉ፤ ሁለቱ ደግሞ መልእክት ያመላልሳሉ። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ እያለፈ መልእክቱ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ስልካችን ከኮምፒዩተሩ ቻርጅ እያደረገ ፎቶግራፉ ግን አልሄድ ካለ፣ ገመዱ የመልእክት ሽቦ የሌለው ወይም ሽቦው የተበጠሰበት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሩን ከመውቀስ በፊት ገመዱን መለወጥ ይበጃል።

የመስኖ ውኃ ከማሳችን አልደርስ ሲል «ወንዙ ደርቋል» ብለን አንቀመጥም። ቦዩን ተከትለን ውኃው የት ላይ እንደ ቆመ እንፈልጋለን። እዚህም እንደዚያው ነው። ፍላሹን ነቅለን በሌላ ቀዳዳ እንሰካው። እዚያ ከሠራ ፍላሹ ደኅና ነው፤ የሚጠረጠረው የመጀመሪያው ቀዳዳ ነው። በየትኛውም ቀዳዳ ካልሠራ ግን ደኅና ማውዝ አምጥተን በዚያው ቀዳዳ እንሞክር። ማውዙ ከሠራ የሚጠረጠረው ፍላሹ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ሁለት ሦስቱን አብረን ከለወጥን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳናውቅ እንቀራለን።

ጥፋቱ የቀዳዳው ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው አቧራ ነው። ኮምፒዩተሩን አጥፍተን፣ ገመዱን ከግድግዳ ነቅለን፣ ቀዳዳውን በባትሪ ብርሃን እንየው። ቆሻሻ ካለ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ቀስ አድርገን እንጥረግ። መርፌ፣ ሽቦና እርጥብ ጨርቅ ወደዚያ አይጠጉ። በአፍ እፍ ማለትም ጥሩ አይደለም፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው። ውስጥ ያለችው ትንሽ ምላስ ተሰብራ ከሆነ ግን ሥራው የባለሙያ ነው። ይህ ብልሽት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በጉልበት በመሰካት ነው። ጠፍጣፋው ጫፍ የሚገባው በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ እምቢ ሲል እንገልብጠው እንጂ አንግፋው።

አንዳንዴ ደግሞ ቀዳዳውን የሚዘጋው ኮምፒዩተሩ ራሱ ነው። ሾርት ያደረገ ወይም ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ የሚስብ ዕቃ ሲሰካበት እንዳይቃጠል ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል። በዚህ ጊዜ የተሰካውን ሁሉ ነቅለን፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍተን፣ ዋናውን ገመድም ነቅለን ጥቂት ደቂቃ እንቆይ። ከዚያ አብርተን ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እንሰካ። አንዱ ሲሰካ እንደገና ዝም ካለ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ዝም ያሉትም በፕሮግራም ስሕተት ከሆነ፣ አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይመልሳቸዋል።

ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጠው ትልቁ ኮምፒዩተር የጀርባ ቀዳዳዎች ከዋናው ሰሌዳ ጋር በቀጥታ የተያያዙ ናቸው። የፊቶቹ ግን የሚገናኙት በውስጥ ገመድ ነው። የጀርባዎቹ እየሠሩ የፊቶቹ ብቻ ካቆሙ ይህ ገመድ ላልቶ ይሆናል። ይህንን ለጠጋኙ ብንነግረው ድካሙም ዋጋውም ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ፍላሹ ሲሰካ ኮምፒዩተሩ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ቢጠይቅ ቸኩለን እሺ አንበል። ፎርማት ማድረግ ጎተራን ጠርጎ እንደ ማውጣት ነው። ፍላሽ ሲነቀልም አስቀድሞ ለኮምፒዩተሩ «ላወጣው ነው» ብሎ ማዘዝ ይገባል፤ አለዚያ በመጻፍ ላይ ያለው ሒሳብ ሊበላሽ ይችላል። የተሰበረ ቀዳዳ በገንዘብ ይተካል። የጠፋ የዕዳ መዝገብ ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል። ስለዚህ ሒሳቡ ሁልጊዜ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ዋና ዋናው በወረቀትም ይኑር።

እንወያይ
1. ስልክ ቻርጅ እያደረገ ፎቶግራፍ የማይሄደው ለምንድን ነው?
2. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ምን ይጠቅመናል?
3. የማኅበራችን ሒሳብ በስንት ቦታ ተቀምጧል? ጸሐፊውን እንጠይቅ።