የሰንበቴ አቧራ፣ የአዳማ ንፋስ

እሑድ ከቀትር በኋላ ሰንበቴ ገበያ ላይ ንፋስ ሲነሣ መጀመሪያ የሚይዘው የሸራውን ጠርዝ ነው። ማሾ የምትሰፍረው ሴት ጣሳዋን ጥላ እህሉን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ግመል ይዞ የወጣው አፋር ፊቱን በፎጣ ይጠቀልላል፤ ሻይ የያዘ ሁሉ ብርጭቆውን በመዳፉ ይከድናል። እንዲህ ባለ ሰዓት ነው አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ጨዋታ የጀመሩት። ልጃቸውን ሊጠይቁ አዳማ ወርደው፣ ተራራው ላይ የተደረደሩትን ነጫጭ ተርባይኖች አይተዋል። «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ንፋስ አቧራ ከሚያስበላን እዚህስ ቢተክሉት ምን አለበት?» አሉኝ።

ስለ ንፋስ መብራት ከሰማኋቸው ወሬዎች መካከል ይህ ጥያቄ የተሻለው ነው። ቀሪው ብዙ ማጥራት ይፈልጋል።

«አቧራ ካስነሣ ተርባይንም ያዞራል»

የንፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ፈጠን ያለ ንፋስ ያለው ቦታና የሌለው ቦታ በሚያመነጩት ኃይል አይገናኙም። የገበያው ንፋስ ደግሞ ግልፍተኛ ነው፤ ሸራ ገልብጦ፣ ዓይን አሳውሮ ወዲያው ይሞታል። ተርባይን የሚፈልገው ከመሬት 60 እና 70 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሳያቋርጥ የሚነፍሰውን ነው። ለዚህም መለኪያ የተሰቀለበት ምሰሶ ቆሞ ቢያንስ ዓመት ሙሉ ይመዘገባል። ከሰንበቴ ተነሥቶ ሸዋ ሮቢትን አልፎ የደብረ ሲናን ዳገት የወጣ ሰው ልዩነቱን በጉንጩ ያውቀዋል። ጣርማ በር ላይ ከመኪና የወረደ መንገደኛ ኮፍያውን ሳይጨብጥ አይቆምም።

ከፍታም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። የአዳማ ተርባይኖች የቆሙበት ቦታ ከባሕር ወለል ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል፤ እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ቀጭን አየር ክንፉን የሚገፋው በዚያው ልክ ነው።

«ግድብ እያለ ንፋስ ምን ይሠራል?»

ይህ አባባል ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ ጠንክሯል። ቁጥሩን ላየ ሰው ያሳምናል። ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። አዳማ አንድ በ34 ተርባይኖቹ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት በ102 ተርባይኖቹ 153 ሜጋ ዋት፣ መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ በ84 ተርባይኖቹ 120 ሜጋ ዋት። ሦስቱ ሲደመሩ 324 ይሆናሉ፤ ከሕዳሴ 13 ዩኒቶች ትንሿ እንኳ ብቻዋን 375 ናት።

ታዲያ ግንቦት 2011ን እናስታውስ። የግልገል ጊቤ ሦስት ውኃ ጎደለ፤ አገሪቱ 476 ሜጋ ዋት አጠራት፤ ፈረቃ ታወጀ። ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠው ኃይልም ቆመ። ግድብ አልጠፋም ነበር፤ ግድቡ ውስጥ የሚገባው ነው የጠፋው። የዚያን ሰሞን ወፍጮ ቤት ደጃፍ ጆንያ ደርድሮ መብራት የሚመጣበትን ሰዓት የጠበቀ ሰው ነገሩን ከማንም ባለሙያ በላይ ያውቀዋል።

የንፋስን ጥቅም ለማስረዳት ለዚህ አገር ገበሬ ሜጋ ዋት መቁጠር አያስፈልግም፤ አውድማውን ማሰብ ይበቃል። ማሽላና ጤፍ የሚወቃው ክረምቱ ወጥቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ወንዙ መክሳት ሲጀምር ነው። ገበሬው መንሹን ይዞ ንፋስ ይጠብቃል፤ ሲመጣለት ምርቱን ወደ ላይ ይበትናል፤ ገለባው ይሄዳል፣ ፍሬው ይወድቃል። በጋው ንፋስ አለው፣ ክረምቱ ውኃ አለው። የአዳማና የአሸጎዳ ተርባይኖችም በደንብ የሚሠሩት በዚያው፣ ቦርከና በሚቀጥንበት ወራት ነው። ያን ጊዜ እነሱ የሚያመነጩትን ያህል ግድቦቹ ውኃቸውን ሳይለቁ ይቆያሉ። ግድብ ጎተራ ነው ብንል፣ ንፋሱ ጎተራው ሳይከፈት የዕለቱን የሚያበላ ነው። ጎተራው ሰፋ ተብሎ የዕለት ገቢ አይጣልም።

ደግሞ ከግንቦት 2011 ዓይነቱ ውጭ፣ በየሰፈሩ መብራት የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ኃይል ታጥቶ አይደለም። ፖል ወድቆ፣ ሽቦ ተበጥሶ፣ ትራንስፎርመር ተጭኖበት ነው። ለዚህ ሕዳሴም አዳማም መልስ የላቸውም።

«የቆመው ተበላሽቶ ነው»

በፈጣን መንገዱ አዳማ የሚገባ ሁሉ የሚለው ነው። አንዳንዱ በእርግጥ ለጥገና ይቆማል። ነገር ግን ተርባይን በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ ንፋስ ካላገኘ ማመንጨት አይጀምርም፤ ንፋሱ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ደግሞ ራሱን ለማዳን ክንፉን አዙሮ ይቆማል።

«ንፋስ የአላህ ነው፤ ሂሳቡ የምን ነው?»

ንፋሱስ የአላህ ነው፤ ብረቱ ግን በብድር የመጣ ነው። አዳማ ሁለት 345 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ 85 በመቶው የቻይና ኤክዚም ባንክ ብድር ነው። አሸጎዳ 210 ሚሊዮን ዩሮ ፈጅቷል፤ የፈረንሳይ ገንዘብ አለበት። ነዳጅ ስለማይገዛ የዕለት ወጪው ትንሽ ነው፤ ወጪው በአብዛኛው ገና ሥራ ሳይጀመር ያልቃል፣ ዕዳውም በውጭ ምንዛሬ ይከፈላል። አንድ በጎ ጎን አለው፤ የዓለም ነዳጅ ቢወደድ የንፋሱ ዋጋ ንቅንቅ አይልም።

«ወፍ ይፈጃል»

ይህን አላጣጥለውም። የስምጥ ሸለቆውና የቀይ ባሕር መስመር በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ትላልቅ አእዋፍ፣ ንስሩም ሽመላውም የሚያልፉበት ጎዳና ነው። ከከሚሴ በታች ያለውን የጨፋ ረግረግ በበጋ ያየ ሰው እንግዶቹን ያውቃቸዋል። ስለዚህ ንፋስ ያለበት ቦታ ሁሉ ተርባይን መትከያ አይሆንም።

«ተጨማሪ ከከፈልኩ ቤቴ የሚገባው የንፋስ መብራት ነው»

ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ሲያወሩ የምንሰማው ነገር አለ፤ ደንበኛው ፈቅዶ ትንሽ ጨምሮ ይከፍልና «የኔ መብራት የንፋስ ነው» ይላል። በአሜሪካ ቀዳሚ ከሆኑት አንዷ ሚሺጋን ውስጥ ያለችው ትራቨርስ ሲቲ ናት። እ.ኤ.አ. በ1996 የከተማዋ መብራት ድርጅት 600 ኪሎ ዋት የሆነ አንድ ተርባይን ተከለ፤ ፈቃደኛ የሆኑ ደንበኞች በኪሎ ዋት ሰዓት 1.58 ሳንቲም እየጨመሩ ከፈሉለት።

ወደ ቤታቸው የገባው ግን ከጎረቤታቸው ጋር አንድ ነበር። ሽቦው ውስጥ የገባ ኃይል የጋራ ጎተራ ውስጥ እንደፈሰሰ ማሽላ ነው፤ የማን ማሳ ፍሬ መሆኑ አይለይም። ከፋዩ የገዛው ከጎተራው የሚወጣውን ሳይሆን የሚገባውን የመምረጥ መብት ነው። ከዚህ የሚበልጠውን ትርፍ ያገኙት የኦስቲን፣ ቴክሳስ ሰዎች ይመስሉኛል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተጀመረው የከተማቸው አሠራር የንፋሱን ዋጋ ለዓመታት ቆርጠው ተስማሙ፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የተፈጥሮ ጋዝ ሲወደድ ጨምረው ይከፍሉ የነበሩት ከጎረቤቶቻቸው ያነሰ መክፈል ጀመሩ። ለጽድቅ የሄዱ መስሏቸው ነግደው ተመለሱ።

ይህ ለኛ ይሆናል? በሂሳባችን ላይ እንዲህ ያለ አማራጭ የለም፤ ቢኖርም ለአባወራ ምን እንደሚጨምርለት አይታየኝም። የኛ ጎተራ ከሞላ ጎደል ውኃ፣ ከውኃው ቀጥሎም ንፋስ ነው። ድንጋይ ከሰል ከሚያነድ አገር የመጣ መፍትሔ እዚህ በሽታውን አያገኘውም። ምናልባት ዕቃቸውን አውሮፓ የሚሸጡ እንደ ኮምቦልቻ ያሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ውስጥ ያሉ ፋብሪካዎች፣ ገዢያቸው ወረቀት ሲጠይቃቸው ይፈልጉት ይሆናል።

የኛ ጭስ ያለው ምድጃ ሥር ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይጎትታል፤ ስለዚህ አንድ የአዳማ ተርባይን በሙሉ ጉልበቱ ሲዞር ከ400 በላይ ምጣድ በአንድ ጊዜ ያግላል። ያን ምጣድ የሚሸከም መስመር ወደ ቤቷ ላልገባላት ሴት ግን ስሌቱ ወሬ ነው። ይህንኑ ለሽማግሌው ሳስረዳ ሻይ የምታፈላልን ልጅ ከሰሏን በካርቶን ቁራጭ ታራግብ ነበር። ንፋሱ እንደገና ሲነሣ ካርቶኑን አስቀምጣ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች።