ሁለት ሐይቆችና አንድ የእኩልዮሽ ሥርዓት፤ ስለ ላፕላስ ልውጠት አጭር ማብራሪያ

በዴንቨር ከተማ፣ በፓርክ ሂል ሠፈር የሚኖር ሰው ቧንቧውን ሲከፍት፣ የከተማው ውሃ ከፊሉ ከሮኪ ተራሮች ማዶ፣ ከዲለን ማጠራቀሚያ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1962 በተጠናቀቀው የሮበርትስ ዋሻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ መሆኑን እምብዛም አያስብም። በላይኛው ውሃ ላይ የተደረገ ነገር ለታችኛው መቼና በምን ያህል መጠን ይደርሰዋል? ይኸው ጥያቄ በአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ብርቱ ጉዳይ ሆኗል።

የመቂና የከታር ወንዞች ወደ ዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ይገባሉ። ከዝዋይ የሚተርፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይወርዳል። አብያታ ግን መውጫ ስለሌለው ውሃውን የሚያጣው በዋነኛነት በትነት ነው። ከላይ ለመስኖ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ ስለ ተወሰደበት ሐይቁ በእጅጉ ሸሽቷል። ለጊዜው የመስኖውን ብቻ ነጥለን እንመልከት።

ሁለቱ ሐይቆች ከተለመደው መጠናቸው የሚያሳዩትን ልዩነት ዝ እና አ እንበላቸው። ጉድለት ሲኖር ምልክታቸው አሉታዊ ይሆናል። ከዝዋይ በዓመት 2 እጅ ውሃ መሳብ ቢጀመር፦

ዝ′ = −2ዝ − 2
አ′ = ዝ − አ

ዝ′ እና አ′ የለውጥ ፍጥነቶች ናቸው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲያመቹ የተመረጡ እንጂ የተለኩ አይደሉም።

ፈረንሳዊው ላፕላስ (1749–1827) ስሙን የሰጠው ልውጠት ይህን ሥርዓት ወደ ተራ አልጀብራ ይመልሰዋል። ሕጉ አንድ ነው፤ የለውጥ ፍጥነት ልውጠት የሚገኘው የመጠኑን ልውጠት በሰ አባዝቶ የመነሻውን ዋጋ በመቀነስ ነው። በእኛ ምሳሌ መነሻው 0 ነው። ልውጠቶቹን በኮከብ ብንለይ፦

ዝ* = −2 / [ሰ(ሰ + 2)]
አ* = ዝ* / (ሰ + 1) = −2 / [ሰ(ሰ + 1)(ሰ + 2)]

ሁለተኛውን ወደ ቀላል ክፍልፋዮች ስንበትነው፦

አ* = −1/ሰ + 2/(ሰ + 1) − 1/(ሰ + 2)

አሁን ወደ ጊዜ እንመለስ። ከ1 ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ 0 የሚወርደውን የኤክስፖነንሻል መጠን ቀ ብንለው፣ 1/ሰ የ1፣ 1/(ሰ + 1) የቀ፣ 1/(ሰ + 2) የቀ² ልውጠቶች ናቸው። ስለዚህ፦

ዝ = −(1 − ቀ²)
አ = −(1 − ቀ)²

ሁለቱም በመጨረሻ 1 እጅ ያጣሉ፤ መንገዳቸው ግን ይለያያል። የዓመቱ አንድ አሥረኛ ሲያልፍ ዝዋይ ከመጨረሻው ጉድለቱ 18 በመቶ ያህሉን ሲያጣ፣ አብያታ 1 በመቶ እንኳ አልሞላም። በዚያ ጊዜ ወደ አብያታ ዳር የሚሄድ ተመልካች ምንም ጉዳት እንዳልደረሰ ይመሰክራል፤ ምስክርነቱም ቅን ነው። ሆኖም ሁለተኛውን እኩልዮሽ እናስተውል፦ የዝዋይ ጉድለት ከአብያታ ጉድለት እስከ በለጠ ድረስ፣ መሳቡ በዚያው ዕለት ቢቆም እንኳ አብያታ መቀነሱን አያቋርጥም።

እውነተኞቹ ሐይቆች ከዚህ ይልቅ የተወሳሰቡ ናቸው። ዝናቡ በየወቅቱ ይለዋወጣል፤ ጥልቀት የሌለው የአብያታ ስፋትም ከመጠኑ ጋር ይቀያየራል። ቢሆንም ከላይ ለሚሳበው ውሃ ፈቃድ የሚሰጥ ሁሉ የታችኛውን ሐይቅ ዝምታ እንደ ማስረጃ ሊቆጥረው እንደማይገባ ይህ አጭር ስሌት ያሳያል።