የባልድዊን ሰበብ፦ ምሥራቅ ፉልሃም፣ 1933

ኦክቶበር 25 ቀን 1933 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በለንደኑ ምሥራቅ ፉልሃም የተካሄደው ማሟያ ምርጫ ክርክሩ ከወንበሩ ይበልጣል። ወግ አጥባቂዎች ከሁለት ዓመት በፊት በ14,521 ድምፅ ብልጫ የያዙትን ወንበር የሌበሩ ጆን ዊልሞት በ4,840 ብልጫ ነጠቃቸው። ሂትለር ጀርመንን ከጄኔቫው የትጥቅ ቅነሳ ጉባኤ ካስወጣ ገና 11 ቀኑ ነበር። በኖቬምበር 1936 ጠቅላይ ሚኒስትር ስታንሊ ባልድዊን አገሪቱ ለምን በጊዜ እንዳልታጠቀች ሲያስረዳ ጣቱን ወደ ፉልሃም ቀሰረ፤ ያኔ «እንታጠቅ» ብሎ ወደ ሕዝብ የሚወጣ መንግሥት ሽንፈቱ የማይቀር ነበር አለ። ብሪታንያን ያዘገያት መራጩ ነው ወይስ መሪው? እኔ መሪው ነው ባይ ነኝ።

ባልድዊን የሽንፈቱን ልዩነት ወደ 7,000 አድርሶ፣ ከጦርነት ጥላቻ በቀር ሌላ መንስኤ አልነበረውም ብሏል። ቁጥሩም ምክንያቱም አያስኬድም። የፉልሃም መራጭ ሆድም ጣራም ነበረው። የቤት እጦት አንዱ ብሶቱ ነበር፤ ሥራ አጥ ድጎማ ለማግኘት የልጁ ደመወዝ ሳይቀር የሚመረመርበት ሥርዓትም ሌላው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ኔቪል ቼምበርሌን ራሱ ዋናው መንስኤ ይህ ምርመራ ነው ብሎ በወቅቱ ጽፏል። እርግጥ የሌበር መሪ ጆርጅ ላንስበሪ የምልመላ ጣቢያዎችን ዘግቶ ጦሩን እበትናለሁ የሚል መልእክት ለመራጩ ልኮ ነበር፤ ሰላም የሚለው ቃልም ድምፅ አስገኝቷል። ይሁን እንጂ ከምርጫው በኋላ ባሉት ሳምንታት መንግሥት የመከላከያውን ጉድለት የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመ። በ1934 ኮሚቴው የጠየቀውን ገንዘብ የቀነሰው ካቢኔው ነው፤ ቅነሳውን የመራውም ያው ቼምበርሌን።

ባልድዊን የተናገረው ስለ 1933 እና 1934 እንጂ ስለ 1935ቱ ጠቅላላ ምርጫ አይደለም የሚሉ ጠበቆቹ ልክ ናቸው፤ ቸርችል ፓርቲውን ከአገሩ አስቀደመ ብሎ መክሰሱ ከዚህ አንጻር የተጋነነ ነው። ግን የሕዝቡ ስሜት እንዲለወጥ ከመጠበቅ ይልቅ ለመለወጥ ምን ያህል ሠራ? በጁን 1935 ውጤቱ በታወቀው ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በተሳተፉበት የሰላም ድምፅ አሰጣጥ፣ ወራሪን በኢኮኖሚ ማዕቀብ ማስቆም ይገባል ያሉት ከ10 ሚሊዮን በላይ፣ ካስፈለገም በጦር ኃይል ያሉት ከ6 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሕዝብ ጦርነትን ቢጠላም ወራሪ ዝም ይባል አላለም። ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረ በሁለተኛው ወር ባልድዊን የመንግሥታቱን ማኅበር እደግፋለሁ ብሎ ተወዳደረ፤ አሸነፈ፤ ፉልሃምም ወደ ወግ አጥባቂዎች ተመለሰች። በዲሴምበር ግን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ኢትዮጵያን ቆርሶ ለሙሶሊኒ የሚሰጥ ዕቅድ ሲነድፍ ተጋለጠ። በቁጣ ተነሥቶ ከሥልጣኑ ያስወረደው ያው ሰላም ወዳድ የተባለው ሕዝብ ነው። የጣልያን ጦር አዲስ አበባ በገባ በወሩ፣ በጁን 1936፣ ባልድዊን ሆርን የባሕር ኃይል ሚኒስትር አድርጎ ወደ ካቢኔው መለሰው።