ስቅለት፦ ከላስታ እስከ ዊተንበርግ

ላሊበላ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ገና ይሄዳል። የጌታ ልደትና የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደት አብረው ታኅሣሥ 29 ቀን ስለሚከበሩ ምእመኑ ከአራቱም ማዕዘን የሚተመው ያኔ ነው። የአምልኮን ጥልቀት ማየት ለሚሻ ግን የምመክረው ስቅለትን ነው። ሉተራን ክርስቲያኖችም ከዓመቱ ቀናት ሁሉ አብልጠው በጸጥታ የሚያስቡት ይህንኑ ዕለት ስለሆነ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን እናያለን።

ላሊበላ በምትገኝበት በላስታ ዐርብ ድንገት አይመጣም። በሰሙነ ሕማማት መስቀል አይሳለሙም፣ ካህን አይባርክም፣ ሰው ከሰው ተሳስሞ ሰላም አይባባልም። በዚያ ሳምንት ለሞተ ሰው ፍትሐት ስለማይደረግ ጸሎቱ አስቀድሞ በሆሣዕና ዕለት ይደርሳል። ከበሮና ጸናጽል ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ ተቀምጠዋል። በስቅለት ዕለት ቅዳሴም የለም።

ታዲያ ሕዝቡ ቀኑን ሙሉ ምን ያደርጋል? ያዳምጣል፣ ይሰግዳል። ከቀይ ዓለት ተፈልፍለው በወጡት አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነጠላና ጋቢ የለበሰ ምእመን ባዶ እግሩን ይሰበሰባል። ጥቁር የለበሱ ካህናትና ዲያቆናት እየተቀባበሉ ግብረ ሕማማትን ያነባሉ። መጽሐፉ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን ለየሰዓቱ ከነቢያትና ከወንጌል የሚነበበውን በቅደም ተከተል ይዟል። ንባቡ ሲያበቃ «ኪርያላይሶን» እየተባለ ስግደት ይጀመራል። አንዲት አሮጊት እናትን ልብ ብሎ መመልከት ብዙ ያስረዳል፤ በመጀመሪያ ጉልበታቸው፣ ቀጥሎ መዳፋቸው፣ በመጨረሻም ግንባራቸው ዓለቱን ይነካል፤ ተነሥተው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ እንደገና ይወርዳሉ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም የብዙው ሰው ግንባር አቧራ ለብሷል። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል ውኃ ያልቀመሱ አክፋዮችም በመካከላቸው አሉ። ማምሻውን ካህኑ በወይራ ቅርንጫፍ የምእመኑን ጀርባ እየጠበጠቡ ተጨማሪ ስግደት ያዝዛሉ፤ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ይሰናበታል።

ቦታው ራሱ የዕለቱን ታሪክ ይናገራል። ከ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ቤተ ጎልጎታ ይባላል፤ ከደጁ የአዳም መቃብር የሚባለው አለ፤ በአቅራቢያውም ዮርዳኖስ የተባለው ወንዝ ይወርዳል። በትውፊት የንጉሡ መቃብር የሚገኘውም በዚሁ በጎልጎታ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይነሣ የሚታለፍ አይመስለኝም። ወንጌል ጌታ በተሰቀለበት ዕለት ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ እንደሆነ ይናገራል። የላስታ ገበሬ ይህን ሲሰማ ትርጓሜ አያስፈልገውም፤ ሰዓቱን የሚቆጥረው እንደዚያው ነውና። ፀሐይ አናቱ ላይ ስትሆን ስድስት ሰዓት ነው፤ እርሱም በዚያችው ሰዓት እየሰገደ ነው።

ወደ ጀርመን ስንሻገር አካሉ ያርፋል፣ ሥራው የጆሮ ይሆናል። በብዙ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት በዕለቱ መሠዊያው ይራቆታል ወይም ጥቁር ይለብሳል፣ ደወልና ኦርጋን ዝም ይላሉ፣ የሕማማቱ ታሪክ ብዙ ጊዜ ከዮሐንስ ወንጌል ይነበባል፣ ስብከት ይከተላል። የዚህ ልማድ ታላቁ ፍሬ የተሰማው በላይፕሲግ ነው፤ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በዮሐንስ ወንጌል ላይ የደረሰው የሕማማት ዜማ በዚያች ከተማ በሚገኘው በቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1724 በስቅለት ዕለት ነው። ሥራው ሁለት ክፍል ያለው ሲሆን በመካከሉ ስብከት ይሰጥ ነበር፤ የተደረሰውም ለአዳራሽ ሳይሆን ለአምልኮ ነው። ትልቁ ልዩነት በቁርባን ላይ ነው። ላሊበላ በዚህ ቀን አይቀደስም፤ በብዙ የጀርመን ሉተራን አጥቢያዎች ግን ስቅለት ምእመኑ ወደ ቅዱስ ቁርባን የሚቀርብበት ዋና ቀን ሆኖ ኖሯል።

ሁለቱ ወገኖች ከ490 ዓመታት በፊት መገናኘታቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እስከ ጀርመኗ ከተማ ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከተሐድሶ መሪዎቹ ከማርቲን ሉተርና ከፊሊፕ ሜላንክቶን ጋር ተወያየ፤ ስለ ቅዳሴም ተነጋገሩ። ሲለያዩ በሰጡት የድጋፍ ደብዳቤ ሉተር የሥርዓት ልዩነት የቤተ ክርስቲያንን አንድነት እንደማያፈርስ ገለጸ። ይህ ፍርድ ዛሬም ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ስግደቱን «ባዶ ሥርዓት» የሚል ፕሮቴስታንትም ሆነ ስብከቱን «ደረቅ ወሬ» የሚል ኦርቶዶክሳዊ፣ የሌላውን ዐርብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጦ አላየውም።

በአገራችን የሉተራን እምነት ዋና ወራሽ እ.ኤ.አ. በ1959 በብሔራዊ ደረጃ የተቋቋመችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ናት። ስቅለትን የምታስበው እንደ ጀርመኖቹ አቆጣጠር ሳይሆን ከላሊበላ ጋር በአንድ ቀን ነው። ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንዳንድ ዓመታት ይገጥማሉ፤ በ2017 ዓ.ም. ስቅለት ሚያዝያ 10 ቀን ላስታም ጀርመንም ላይ ውሏል።

ዕለቱን በላሊበላ ለማየት ያሰበ ሰው ከሦስት ሰዓት በፊት ይድረስ፤ ነጠላ ይልበስ፤ ጫማውን ከደጅ ያውልቅ፤ ወደ ቤተ ጎልጎታ ሴቶች እንደማይገቡም አስቀድሞ ይወቅ። ካሜራውን ከቦርሳው ባያወጣ ይመረጣል። ፎቶ አንሥቶ በቀትር ከሚመለስ ግን እስከ ስንብቱ ይቆይ፤ የዕለቱ ትርጉም ያለው በመቆየቱ ውስጥ ነው።