ዕጢ ሁሉ ነቀርሳ ነውን?

ከወልድያ እስከ ሀብሩ ወረዳዋ መርሳ፣ እንቅርት ለዐይን እንግዳ አይደለም። ብዙውን ጊዜ መንስኤው የአዮዲን እጥረት እንጂ ነቀርሳ አይደለም፤ ለዓመታት ቢቆይም ወደ ሌላ አካል አይዛመትም። አደገኛ ያልሆነ ዕጢም ጠባዩ እንዲሁ ነው፤ በአመዛኙ በዝግታ ያድጋል፣ ከወሰኑም አያልፍም። አደገኛው ዕጢ፣ ማለትም ነቀርሳ፣ ግን ወሰኑን ጥሶ በዙሪያው ወዳለው አካል ሰርጎ ይገባል፤ ሕዋሳቱም በደምና በሊምፍ ተጉዘው በሳንባ፣ በጉበት ወይም በአጥንት ሌላ ዕጢ ያበቅላሉ።

ሁለቱን መጠንም ሆነ ሕመም አይለያቸውም። ባቄላ የምታህል፣ የማታምም የጡት ዕጢ ከትልቅ እንቅርት ይልቅ አስጊ ልትሆን ትችላለች። ቁርጡ የሚታወቀው ከዕጢው የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው። እንግዲህ «ካላመመኝ ምን አስኬደኝ?» ማለት አይገባም፤ ነቀርሳ ሳይሰራጭ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላልና።