ቅብብልና ሩጫ በዋልያዎቹ ማጥቃት

በአዲስ አበባ ስታዲየም በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን (ዋልያዎቹ)፣ በ2005 እና በ2014 ዓ.ም. በተሳተፈባቸው ውድድሮች በስድስት ጨዋታ ሦስት ግብ ብቻ አስቆጥሯል። በ2014ቱ የካሜሩን ውድድር በውበቱ አባተ የሠለጠነው ቡድን ኳስን በአጭር ቅብብል ይዞ መጫወትን መርጦ ነበር፤ ምርጫው የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ቅብብል፣ ማለትም ኳስን ከእግር ወደ እግር ማስተላለፍ፣ ብቻውን ሲሆን ተጋጣሚው ተሰባስቦ ክፍተቱን እንዲዘጋ ጊዜ ይሰጠዋል። ክፍተት የሚከፈተው አንዱ ተጫዋች ኳስ እየገፋ ተከላካይን ሲጋፈጥ፣ ሌላው ደግሞ ያለ ኳስ ከተከላካዮች ጀርባ ሲሮጥ ነው፤ ያን ጊዜ ተከላካዩ ኳሱን ወይም ሯጩን ለመምረጥ ይገደዳል። ሩጫው ያለ ቅብብል ከበዛ ግን ኳሱ ቶሎ ይነጠቃል፣ አጥቂውም ብቻውን ይቀራል።